ሦስት ሜትር ተኩል

አትላስ አካባቢ በሚገኝ አንድ ሆቴል የዋና አስተማሪ ነኝ። አስተማሪ ልበል እንጂ ውሃውን የማጸዳውም፣ ክሎሪኑን የምለካውም፣ ሰው ሲሰጥም ዘልዬ የምገባውም እኔው ነኝ። ዋና የለመድኩት ቢሾፍቱ፣ ሐይቅ ዳር፣ በሰባት ዓመቴ ነው። ቁጭ ብሎ ያስተማረኝ ሰው የለም። ትልልቆቹ ልጆች ትንፋሻቸውን ውጠው ሲጠልቁ አየሁ፤ እኔም ዋጥኩ። ብዙም ሳይቆይ ከሁሉም በላይ ውሃ ሥር የምቆየው እኔ ሆንኩ። እናቴ ይህን ሰምታ ገርፋኛለች። ዛሬ እንጀራዬ የሆነው ግን እሱ ነው።

የሆቴሉ ገንዳ ጥልቁ ጋ ሦስት ሜትር ተኩል ይሆናል። እዚያ ወለሉ ላይ፣ ውሃውን ወደ ማጣሪያው የሚስበው ቀዳዳ አፍ ላይ በአራት ብሎን የታሰረ ወንፊት አለ። አንድ ቀን ሳጸዳ ወንፊቱ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ሁለቱ ብሎኖች ወልቀዋል፣ ሁለቱ ላልተዋል። ወንፊቱ ቢነሳ ቀዳዳው የልጅ እግር ወይም ፀጉር ይስባል። ወዲያው ጥልቁን በገመድ ከለልኩና ለሥራ አስኪያጇ ነገርኳት።

«ገንዳውን እናፍስሰው?» አለች።

ማፍሰሱ ቀላል ነበር። ጣጣው መሙላቱ ነው። ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፤ በቦቴ እናስሞላው ቢባልም ቀናት ይፈጃል። ቅዳሜ ደግሞ ገንዳው ዳር ሰርግ ነበር። እንደለመድኩት ትንፋሼን ይዤ ወርጄ ለማሰር ሞከርኩ። ብሎኑን ግማሽ ዙር ሳዞር ትንፋሼ ያልቃል፤ ወጥቼ ስመለስ ብሎኑ ከቀዳዳው ወጥቶ ይጠብቀኛል። አሥር ጊዜ ያህል ወርጄ ተውኩት።

ሥራ አስኪያጇ የምታውቀው፣ ሐይቆች ላይ ጥናት የሚሠራ ሰው ነበር። ሰኞ ጠዋት፣ ገንዳው ለእንግዳ በሚዘጋበት ቀን፣ የአየር ሲሊንደርና መነጽር በመኪናው ጭኖ መጣ። ቁመቱ ሎጋ፣ ንግግሩ ረጋ ያለ ሰው ነው። እሱ ራሱ ሊወርድ ነበር ያሰበው። «እኔ ልውረድ፣ ብሎኑን የማውቀው እኔ ነኝ» ያልኩት እኔ ነኝ። ይህን የምጽፈው ጥፋቱ የእሱ እንዳይመስል ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ጓጉቼ ነበር።

ከአሥር ደቂቃ የማይበልጥ አሳየኝ። «በአፍህ ብቻ ተንፍስ። ጆሮህን ከጫነህ አፍንጫህን ይዘህ ንፋ። አንድ ነገር ብቻ፦ ትንፋሽህን በጭራሽ እንዳትይዝ። ስትወጣ ቀስ፣ እየተነፈስክ።»

«ገባኝ» አልኩት።

የገባኝ መስሎኝ ነበር። «አትደንግጥ» ያለኝ ነው የመሰለኝ። ውሃ ውስጥ ትንፋሽ መያዝ የሚከለከልበት ምክንያት ሊኖር እንደሚችል በሐሳቤም አልመጣም። ቀኑን ሙሉ ልጆችን የማስተምረው ትንፋሽ መያዝ አይደል?

ታች ስደርስ ደስ አለኝ። የራሴን ትንፋሽ እንደ ወናፍ እሰማለሁ፣ የሚያስቸኩለኝ ነገር የለም። ሦስቱን ብሎን አንድ በአንድ አሰርኩ። አራተኛው ላይ ጎንበስ ስል መነጽሩ በጎኑ ተከፈተና በአንዴ ውሃ ሞላው። ውሃው አፍንጫዬ ገባ፣ ዓይኔን አቃጠለኝ። ያን ጊዜ አእምሮዬ ሳይሆን ገላዬ ወሰነ። ከሲሊንደሩ አንድ ትልቅ ትንፋሽ ሳብኩ፣ ጉሮሮዬን ዘጋሁ፣ ወለሉን በሁለት እግሬ ረግጬ ሽቅብ ተወረወርኩ። ልጅ ሆኜ ሐይቁ ውስጥ ሺህ ጊዜ እንዳደረግኩት። ሁለት ሰከንድ፣ ቢበዛ ሦስት።

ላይ ስደርስ ከደረቴ አጥንት ጀርባ የሆነ ነገር ተሰማኝ። የተወጠረ ክር ሲበጠስ ያለ ስሜት ነው። ሕመም አልነበረውም።

«ደህና ነህ?» አለኝ ሰውየው ከዳር ሆኖ።

«ደህና ነኝ። መነጽሩ ውሃ ገባው።»

አራተኛውን ብሎን እሱ ወርዶ አሰረው። እኔ ፎጣ ለብሼ ዳር ላይ ተቀምጬ አየሁት። እሱ ሲወጣ ከአፉ አረፋ ሳይቋረጥ ይወጣ ነበር፤ ያን ጊዜ ነገሬም አላልኩት።

ምሳ ሰዓት ላይ ሥራ አስኪያጇ «ጉንፋን ያዘህ እንዴ?» አለችኝ። ድምፄ ተለውጦ ነበር። አፍንጫውን ይዞ እንደሚናገር ሰው ቀጭን ሆኗል። አንገቴ ደግሞ የሸሚዜ ቁልፍ የጠበበው መሰለኝ። አፍንጫዬ የገባው ክሎሪን ይሆናል ብዬ ቀደም ብዬ ወጣሁ።

ቤታችን የካ አባዶ ነው፣ አራተኛ ፎቅ። ከመገናኛ የተሳፈርኩበት ታክሲ ጉድጓድ በገባ ቁጥር ደረቴ መሐል ላይ እንደ መርፌ ይወጋኝ ጀመር። ረዳቱ ሒሳብ ሲጠይቀኝ መልስ ለመስጠት ትንፋሽ ማሰባሰብ ነበረብኝ። ደረጃውን ስወጣ በየፎቁ አረፍኩ። እኔ፣ ዋናተኛው።

ባለቤቴ የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ናት፤ ከእኔ ቀድማ ትገባለች። በሩን ስትከፍት መጀመሪያ ያየችው ፊቴን ሳይሆን አንገቴን ነው።

«ምን ነክሶህ ነው? አብጠሃል እኮ።»

በጣቷ ነካችኝና እጇን መለስ አደረገች። ደግማ ነካችኝ፣ አሁን ቀስ ብላ።

«ቆዳህ ሥር የሆነ ነገር ይንኮሻኮሻል» አለች።

እኔም ነካሁት። እውነቷን ነው። ድርቆሽ በላስቲክ አድርገህ ስትጫነው እንደሚሰማው ነው። የሚያም ነገር የለውም፤ ድምፁ ግን ከገዛ ሰውነትህ ሲመጣ ደስ አይልም። ጎረቤታችን ተጠርታ መጣችና ገና ከበሩ «ምች ነው» አለች። «ላብ ላይ ሆኖ ውሃ ገብቶ ነው።» ዳማከሴ አምጥታ አሽታ ጨመቀችልኝ፣ ጠጣሁ። ትራስ ደራርበን ቁጭ እንዳልኩ ተኛሁ፤ ስጋደም ደረቴን ይጫነኝ ነበር።

ጠዋት እዚያው ሰፈር ክሊኒክ ሄድን። ያየኝ ወጣት ጉሮሮዬን በባትሪ አይቶ አለርጂ ነው አለኝና መርፌ ወጋኝ። አልፈርድበትም። «ውሃ ውስጥ ነበርኩ» አልኩት እንጂ ስለ ሲሊንደሩ አልነገርኩትም። ከነገሩ ጋር ይገናኛል ብዬ አላሰብኩም።

እንደማልገባ ለመናገር ክሊኒኩ በር ላይ ሆኜ ሆቴል ደወልኩ። እንግዳ መቀበያው ጋ ስልኩን ያነሳችው ልጅ «ቆይ፣ ጋሼ ይፈልጉሃል» አለችኝ።

ጋሼ የምንላቸው ገርጂ የሚኖሩ ጡረተኛ ናቸው። በየማለዳው ገንዳው ሲከፈት የመጀመሪያው ዋናተኛ እሳቸው ናቸው። በወጣትነታቸው ባሕር ኃይል ውስጥ ጠላቂ እንደነበሩ አውቃለሁ፤ ስለዚያ ዘመን ግን ብዙ አይናገሩም። በዚያ ጠዋት ገንዳው ለምን እንዳልተከፈተ ሊጠይቁ መጥተው ነበር።

«ምን ሆነህ ነው?» አሉኝ።

«ትንሽ አሞኝ ነው ጋሼ። አለርጂ ነው አሉኝ።»

«ድምፅህ ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሆነው?» አሉ።

«ከትናንት ምሳ ሰዓት።»

«ትናንት ምን ስትሠራ ነበር?»

ነገርኳቸው። ወንፊቱን፣ ሲሊንደሩን፣ መነጽሩን።

«ስትወጣ ትንፋሽህን ይዘህ ነበር? እንዳትዋሸኝ።»

«ይዤ ነበር።»

«አንገትህን ንካው። ይንኮሻኮሻል?»

ደነገጥኩ። «እንዴት አወቁ?»

«ካለህበት እንዳትነሳ። ደረጃም እንዳትወጣ። መጣሁ።»

ክሊኒኩ ያለበትን ነገርኳቸውና በአሮጌ ቶዮታቸው መጡ። ከአባዶ እስከ ሆስፒታሉ ድረስ እያንዳንዱን ጉድጓድ እየዞሩ፣ የኋላው መኪና ክላክስ ሲያደርግባቸው ዞር ብለው ሳያዩ ነዱ። ባለቤቴ ከኋላ ተቀምጣ ትከሻዬን ይዛኛለች። መንገድ ላይ ጋሼ አንድ ነገር ብቻ ደጋግመው ይጠይቁኝ ነበር። «እጅህ ይደነዝዛል? ዓይንህ ላይ ብዥ ይላል?» አይ ስላቸው እያንዳንዱ «አይ» ትከሻቸውን ዝቅ ያደርገዋል።

ሐኪሙ ከእኔ በዕድሜ የሚያንስ ይመስለኛል። የደረቴን ራጅ ብርሃኑ ላይ ሰቅሎ ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ እኔን አየኝ።

«የት ባሕር ሄደህ ነው?»

«አትላስ» አልኩት።

አልሳቀም። ጋሼ ጠቅላላውን አስረዱት። እሱም ወንበሩን ስቦ ተቀመጠና በግልጽ ተናገረ። «ይህን መጽሐፍ ላይ አንብቤዋለሁ። በዓይኔ ሳይ ግን የመጀመሪያዬ ነው» አለ። ራጁ ላይ በእስክሪብቶው ጫፍ አሳየኝ። ልቤን የከበበው ጥቁር ክር አየር ነው። ከሳንባዬ ወጥቶ፣ ሽቅብ ተጉዞ አንገቴ ቆዳ ሥር የገባውም ያው አየር ነው። በግራ በኩል ደግሞ ሳንባዬ ከደረቴ ግድግዳ ጥቂት ሸሽቷል።

«ሳንባዬ ተቀደደ ማለት ነው?»

«በጣም ትንሽ። ራሱ ይድናል ብዬ አስባለሁ። የምፈራው ሌላውን ነው፤ አየሩ ደም ሥር ገብቶ ወደ አንጎል ሄዶ እንደሆነ።»

ከዚያ በመስመር አራመደኝ፣ ዓይኔን ጨፍኜ አፍንጫዬን አስነካኝ፣ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ አስነበበኝ። ሁሉንም ሠራሁ። ጋሼ ያን ጊዜ ነው ወንበር የፈለጉት።

ባለቤቴ አልገባትም ነበር። «ውሃ አልዋጠም፤ አልወደቀም። አየር እንዴት ሰው ይቀድዳል?» አለች።

ጋሼ ናቸው የመለሱላት። «ድሬዳዋ ሄደሽ የታሸገ ቺፕስ ገዝተሽ ታውቂያለሽ? አዲስ አበባ ስትደርሺ ላስቲኩ ምን ይሆናል?»

«ይነፋል» አለች። «አንዳንዴም ይፈነዳል።»

«ማንም አየር አልጨመረበትም። ከላይ የሚጫነው ስለቀነሰ ነው። የእሱም ሳንባ እንደዚያ ነው። ታች ሆኖ ከሲሊንደሩ ሞላው፣ አፉን አሰረ፣ ወጣ። ሐይቅ ውስጥ ሲጠልቅ እኮ ከላይ ይዞት የወረደውን አየር ነው ይዞ የሚመለሰው፤ መጠኑ ያው ነው። ይኼኛው ግን ታች የተሞላ ነው።»

«ሦስት ሜትር ተኩል ብቻ ነው እኮ ጋሼ» አልኩ።

«ላይኛው ሜትር ነው ክፉው» አሉ። ሐኪሙም ወረቀት ላይ አንድ ሁለት ቁጥር አስልቶ ራሱን ነቀነቀ። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ልዩነቱ ከባሕር ዳርቻ ይልቅ እዚህ ይብሳል አለ።

ሦስት ቀን ኦክስጅን አፍንጫዬ ላይ ተደርጎልኝ ተኛሁ። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት ባለቤቴ ልብስ ልታመጣ ስትሄድ ጋሼ አልጋዬ አጠገብ ነበሩ። ሳልጠይቃቸው ጀመሩ።

ጓደኛ ነበራቸው፤ አብረው የተቀጠሩ፣ አብረው ጠላቂነት የተመደቡ። ምጽዋ ወደብ ላይ ሲሊንደር አዝለው ከመርከብ ሥር ሲሠሩ አንድ ቀን ጋሼ በእጃቸው ምልክት ሰጡት፤ እንውጣ። ጥልቀቱ አራት ሜትር ቢሆን ነው። ጓደኛቸው የሆነ ነገር አስቸኩሎት ፈጥኖ ወጣ። ጋሼ ቀስ ብለው ተከተሉት። ራሳቸውን ከውሃ ሲያወጡ እሱ የጀልባውን ጠርዝ ይዟል፤ አያቸው፣ አንድ ቃል ሊናገር አፉን ከፈተ፣ ከዚያ እጁ ለቀቀ።

«ሰጠመ አልን» አሉኝ። «አልሰጠመም። ጀልባ ላይ ስናወጣው ከአፉ የወጣ ውሃ የለም። እኔ ነገሩ በደንብ የገባኝ ቆይቶ ኮርስ ስወስድ ነው። ያኔ ግን ሻንጣውን ለቤተሰቦቹ አድርሼ፣ ሰጥሞ ነው ብዬ ተናግሬ ነበር። ተመልሼ ሌላ ነገር ልናገር ፈራሁ። ምልክቱን የሰጠሁት እኔ ነኝ።»

ባለቤቴ ልብሱን ይዛ እስክትመለስ ከአጠገቤ አልተነሱም።

ከሆስፒታል ስወጣ ሌላ ነገር ይጠብቀኝ ነበር። አንድ የባሕረ ሰላጤ አገር ሆቴል ውስጥ ሕይወት አድን ሆኜ ልሠራ ውል ፈርሜ፣ ቪዛዬ ወጥቶ፣ ሦስት ሳምንት ነበር የቀረኝ። ሐኪሙ ራጁ ንጹሕ እስኪሆን፣ ከዚያም በኋላ ለሳምንታት፣ አውሮፕላን እንዳልሳፈር ነገረኝ። ሲሊንደር ደግሞ ዕድሜ ልክ የለም። የሚልከኝ ኤጀንሲ ቢሮ ሄጄ እውነቱን ስናገር ጉዳዬን የያዘው ሰው በሩን ዘጋና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«የጤና ምርመራህ እኮ አልፏል። ለማን ብለህ ነው የምትናገረው? ሄደህ ተሳፈር።»

አሰብኩበት፤ አልዋሽም። ሕመሙ ሄዶ ነበር፣ ድምፄም ተመልሷል። ለባለቤቴ ነገርኳት።

«እኔ ሂድም አትሂድም አልልህም» አለች። «ሂድ ብዬህ አንድ ነገር ብትሆን፣ ወይ አትሂድ ብዬህ ዕድሜህን ሙሉ ብትቆጭ፣ ሁለቱንም አልችለውም። ግን መጀመሪያ ራጁን ድገመው።»

ደገምኩት። በግራ በኩል ቀጭን መስመር አሁንም ነበረ። ሐኪሙ በእስክሪብቶው አሳየኝ። በቪዛዬ ምትክ የሌላ ሰው ቪዛ ወጣ። የሄደው ልጅ አብሮኝ የሠለጠነ ነው። አልፎ አልፎ ሰላምታ ይልክልኛል፣ ፎቶም ይልካል። ሳየው ይቆጨኛል። ይቆጨኛል እንጂ አልተሳሳትኩም።

ሁለት ወር ሲሆነኝ ራጁ ጠራ። የሰሙ ዕለት ጋሼ ሥራ እስክጨርስ ሆቴሉ በር ላይ ጠበቁኝ።

«ያንን የመጀመሪያውን ራጅ ይዘኸዋል?»

«ቤት ነው።»

«እሑድ ይዘኸው ና። የሆነ ሰው ጋ አብረን እንሄዳለን።»

የጓደኛቸው እህት ናት፤ ሰሚት ኮንዶሚኒየም ምድር ቤት ትኖራለች። ጋሼ አድራሻዋን ካወቁ ዓመታት አልፈዋል፤ ከገርጂ ሰሚት ሩቅ አይደለም። በሩን የከፈተችው ስድሳ ዓመት የሚሆናት፣ ጉልበቷን እያመማት የምትራመድ ሴት ናት። ጋሼን ለአፍታ አየቻቸው።

«ሻንጣውን ያመጡት እርስዎ ነዎት» አለች።

ሻይ ቀረበልን። ጋሼ አልነኩትም። «አንቺ ያኔ ትንሽ ልጅ ነበርሽ» ብለው ጀመሩ፤ ሳያሳጥሩ፣ ሳያሳምሩ ሁሉንም ተናገሩ። ምልክቱንም ጭምር። ራጁን ከኤንቨሎፑ አውጥቼ መስኮቱ ላይ ያዝኩላት። ጥቁሩን ክር በጣቴ አሳየኋት። ገንዳውንም ነገርኳት።

የተናገረችው እኛ ያልጠበቅነውን ነው።

«እናቴ ሰጠመ መባሉን አንድ ቀን እንኳ አላመነችም» አለች። «ልጄን ውሃ አያሰጥመውም፤ ዋና የሚያውቅ ሰው ራሱን ካልጣለ እንዴት ይሰጥማል ትል ነበር። ራሱን ጥሎ ነው ብላ ነው የሞተችው። ለንስሐ አባቷ እንኳ አልነገረችም፣ ፍታቱን ይከለክሉታል ብላ። ለእኔ ብቻ ነው የነገረችኝ። እኔም ይኸው እስከ ዛሬ።»

ጋሼ እጃቸውን ፊታቸው ላይ አደረጉ። «እኔ ነኝ ያደረግኩት» አሉ። «ቀድሜ ብመጣ…»

«ቢመጡ ደህና ነበር» አለች። አላጽናናቻቸውም፣ አልተቆጣችምም። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«አመመህ? ያን ጊዜ፣ ከውሃ ስትወጣ።»

«አላመመኝም» አልኳት። «ክር ሲበጠስ ያህል ነው። ደህና ነህ ሲሉኝ ደህና ነኝ ብያለሁ።»

«እሱንም አላመመውም ማለት ነው።»

የእሱ ከእኔ የተለየ መሆኑን፣ ወደ አንጎል የሄደ አየር ምን እንደሚያደርግ በእርግጠኝነት እንደማላውቅ ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ጋሼ ቀደሙኝ። «በጣም ፈጣን ነበር» አሉ። ይህ እውነት ነው፤ እኔም በዚያው ተውኩት።

ራጁን እንድተውላት ጠየቀችኝ፤ ለወንድሞቿ ልታሳያቸው። ተውኩላት። ጋሼ ወደ ገርጂ ሲመለሱ እኔ እዚያው ታክሲ ያዝኩ።

ከዚያ ወዲህ ጋሼ እሑድ እሑድ ሰሚት ይሄዳሉ። አንዳንዴ ይጣላሉ መሰለኝ፤ ማክሰኞ ሲመጡ ተኮሳትረው ነው የሚዋኙት። አንድ ቀን ምን እንደሆኑ ስጠይቃቸው «ከዚያች ሴት ጋር መነጋገር ከባድ ነው» አሉና መነጽራቸውን አጥብቀው ውሃው ውስጥ ገቡ።